ዘንዶው ለምን አይበርም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለልጆች መጽሐፍ ጭራቅ፣ ዘንዶ፣ ባለ ክንፍ ፈረስና የሚናገር ዛፍ የሚሥሉ አንባቢያን የላኳቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን እነሆ መልሰናል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ለተረት መጽሐፍ ክንፍ ያለው ዘንዶ እየሣልኩ ነው። ቅርፊቱም፣ ጥርሱም፣ ጭራውም እንደሚሆን ሆኗል። ያየው ሰው ሁሉ ግን «ክንፉ የተለጠፈ ይመስላል» ይለኛል። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ክንፉ በእርግጥም ስለተለጠፈ ነው። ክንፍ ጀርባ ላይ የሚበቅል ቅጠል አይደለም፤ ክንድ ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ለወጥ ዶሮ ሲበለት አንዱን ክንፍ ለምነው ይውሰዱና ቆዳውን ገፈው አጥንቱን ይዩት። ከትከሻው እስከ ክርኑ አንድ አጥንት፣ ከክርኑ እስከ አንጓው ሁለት አጥንት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ተጣብቀው የቀሩ ጣቶች ያገኛሉ። የራስዎ ክንድ አሠራርም ይኸው ነው። ስለዚህ ክንፍ ትከሻ ያስፈልገዋል። ከአከርካሪው መሃል ድንገት ብቅ ካለ የልጅ ዓይን እንኳ አይቀበለውም፤ ምክንያቱን መናገር ባይችልም «ተለጥፏል» ይላል።

ዘንዶዎ አራት እግር ካለውና ክንፍም ከተጨመረለት ሁለት ጥንድ ትከሻ ሊኖረው ነው። የክንፉን ትከሻ ከፊት እግሩ ትከሻ ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ላይ ያድርጉት፤ ቦታ እንዲያገኝም ደረቱን ካሰቡት በሲሶ ያህል ያስረዝሙት። ደረቱ ወፍራም ይሁን። ወፍ የምትበርበት ትልቁ ጡንቻ ያለው ጀርባዋ ላይ ሳይሆን ደረቷ ላይ ነው። ደረቱ የሰለለ ዘንዶ ክንፉ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ከመሬት የሚነሣ አይመስልም።

ክንፉ ላባ ሳይሆን ቆዳ ከሆነ አስተማሪዎ የሌሊት ወፍ ናት። አራት ረጃጅም ጣቶቿ ቆዳውን እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወጥረው ይይዛሉ፤ አውራ ጣቷ አጭርና ነጻ ነው፤ ጥፍር አለው። ከጣት እስከ ጣት ያለው የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ቀጥ ባለ መስመር ካገናኙት ካርቶን ይሆናል።

አሣሣሉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ከአንገት እስከ ጭራ አንድ የጀርባ መስመር፤ ቀጥሎ ለደረት ትልቅ እንቁላል፣ ለዳሌ አነስ ያለ እንቁላል፤ ከዚያ የአራቱ ትከሻዎች ነጥብ። ክንፉን መጀመሪያ የታጠፈውን ይሣሉ፤ እንደ አናጢ ተጣጣፊ ሜትር በክርንና በአንጓ ላይ ይታጠፋል። ታጥፎ ጎኑ ላይ በደንብ ካረፈ ሲዘረጋም ልክ ይሆናል። ቅርፊትና ጥርስ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለ ድቅል አውሬ በአጠቃላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሁለት እንስሳ ይበቃል። የዋልያ ቀንድ (ወደ ኋላ የሚቆለመም፣ ላዩ ጉብ ጉብ ያለ) በጭላዳ ጋማና በቀይ ደረቱ ላይ ቢገባ አዲስ ፍጥረት ነው፤ ልጁም ሁለቱን ለይቶ ይስቃል። አምስት እንስሳ ከቀላቀሉ ግን ምንም የማይለይ ጸጉራም ክምር ይወጣል። ለመልክዓ ምድሩም እንደዚያው ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሚዘልቀውን የሰሜንና የባሌ ጅብራ ያየ ሰው እንግዳ ተክል ልፍጠር ብሎ መቸገር የለበትም።

ክንፉ ሆን ተብሎ ትንሽ፣ ሆዱ ትልቅ ከሆነስ? ይቻላል፤ እንዲያውም ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ሥዕሉ «ይህ ዘንዶ መብረር አይችልም» እያለ ነውና ታሪኩ ያንኑ ማለት አለበት።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የተጻፈ ታሪክ ተሰጥቶኛል፤ 1,100 ቃል ይሆናል። አምስት ገጽ በቀለም ጨርሼ ስድስተኛው ላይ ቆምኩ። ከዚህ እንዴት ልቀጥል?

መልስ፦ ቀለሙን ያስቀምጡ። የቆሙት ስድስተኛው ገጽ ላይ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ስላልተሠራ ነው።

የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ሁለቱ 32 ይሆናሉ። 30 ወይም 35 ገጽ ላድርግ ካሉ ወረቀት ይባክናል፤ ዋጋው ይጨምራል። ገጽ 1 ለርዕስ፣ ገጽ 2 እና 3 ለመብትና ለመታሰቢያ ቢሄዱ፣ ከገጽ 4-5 እስከ 30-31 ድረስ 14 ጥንድ ገጽ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነጠላ ገጽ ይቀርዎታል። 1,100 ቃል ለ14 ሲካፈል በጥንድ ገጽ 79 ቃል ገደማ ይደርሳል። ለ8 ዓመት አንባቢ ይሄዳል፤ ለ5 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ነው። ደራሲውን ወይም ደራሲዋን ወደ 700 ቃል እንዲያወርዱት ይጠይቁ። «ቤቱ ትልቅ ነበር፤ በሩም ቀይ ነበር» የሚለውን ሥዕሉ ስለሚናገረው ከጽሑፉ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም።

ከዚያ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ስፋታቸው 6፣ ቁመታቸው 3 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 14 ሳጥኖች ያስምሩ (ለ21 በ21 ሳንቲ ሜትር መጽሐፍ ልኩ ይህ ነው)። በእያንዳንዱ ላይ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይቆዩ። ሰው ዱላ ይሁን፣ ዘንዶ እንቁላል ይሁን። ሲጨርሱ ሌላ ወረቀት አውጥተው የመጀመሪያውን ሳያዩ እንደገና ይሥሩት። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ የመጀመሪያው እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። አሁን 14ቱን በአንድ ላይ ይዩ። ሁሉም ላይ ሰዎቹ በተመሳሳይ ርቀት፣ ሙሉ ቁመታቸውን ቆመው ከታዩ መጽሐፉ ያሰለቻል። ከሩቅ ተራራው ሁሉ የሚታይበት፣ ከቅርብ ዓይን ብቻ የሚታይበት ገጽ መቀላቀል አለበት። እንቅስቃሴም ልብ ይበሉ፤ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ጀግናዋ ስትሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ወደ ግራ ብትዞር ልጁ ሳይነገረው ይገባዋል።

ቀጥሎ 8 ኤ4 ወረቀት መሃል ለመሃል አጥፈው በስቴፕል ይያዙት፤ 32 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ትሆናለች። ንድፎቹን በእርሳስ ያስገቡባትና እየገለጡ ጮክ ብለው ያንብቡ። ድንገተኛው ነገር ገጽ ሲገለጥ በግራ በኩል መምጣት አለበት፤ በቀኝ ገጽ ላይ ካለ ልጁ ገና የግራው ሳይነበብለት ያየዋል። ይህ ስሕተት በቀለም ከተሠራ በኋላ አይታረምም፤ በእርሳስ ግን አንድ ላጲስ ነው።

የመጨረሻውን ሥዕል በቀለም ሲጀምሩ ከመሃል ይጀምሩ፤ ለምሳሌ ከገጽ 14-15። እጅ እየተፍታታ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥዕሎች ከቀሪው ደከም ይላሉ። የመግቢያውን ጥንድ ገጽና ሽፋኑን በመጨረሻ ይሥሩ፤ ገዢው የሚያየው እነሱን ነው። የሠሯቸው አምስት ገጾች? ከትንሿ መጽሐፍ ጋር ያስተያዩዋቸው። አንድ ወይም ሁለት ቢተርፉ ጥሩ ነው።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ዋናዋ ልጅ በየገጹ ሌላ ልጅ ትሆንብኛለች።

መልስ፦ የመልክ ሰሌዳ ስላልሠሩላት ነው። በአንድ ወረቀት ላይ አራት አግድም መስመር አስምረው ልጅቷን ከፊት፣ ከሰያፍ፣ ከጎንና ከኋላ ይሣሏት፤ መስመሮቹ በአራቱም ላይ ዓይኗን፣ ትከሻዋን፣ ወገቧንና ጉልበቷን በአንድ ቁመት ይይዙልዎታል። ልኩን በጭንቅላት ይቁጠሩ። አዋቂ ሰው 7 ተኩል ጭንቅላት ያህል ይረዝማል፤ የ6 ዓመት ልጅ 5 ተኩል ገደማ፤ በሥዕል መጽሐፍ ደግሞ 3 ወይም 4 ማድረግ የተለመደ ነው። የመረጡትን ቁጥር ጥግ ላይ ይጻፉት። ዓይኗ ከራስ ቅሏ እኩሌታ በታች ይሁን፤ እኩሌታው ላይ ከሆነ ትንሽ አክስት ትመስላለች።

ከዚያ በጥቁር ሞልተው ጥላዋን ብቻ ይዩ። ከጓደኞቿ ካልተለየች ጸጉሯን ይለውጡ። ቁንጮና ጋሜ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ከየትኛውም አቅጣጫ፣ በጥላም ቢሆን ይታወቃሉ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በታብሌት የሣልኩት የሚያበራ ሰማያዊ እሳት ስክሪን ላይ ዓይን ይወጋል። ሲታተም ግን ሐምራዊ አመድ ሆኖ መጣ። ማተሚያ ቤቱ ነው ጥፋተኛው?

መልስ፦ አይመስለንም። ስክሪን ብርሃን ይልካል፤ ወረቀት ብርሃን አይልክም። በማተሚያ ያሉት ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ብቻ ናቸው፤ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሐምራዊና የሎሚ አረንጓዴ በነሱ ቅልቅል አይገኙም። ምናባዊ ሥዕል ላይ ጉዳቱ የሚብሰው አስማት ሁሉ በነዚሁ ቀለማት ስለሚሣል ነው። ሰማያዊው ሐምራዊ የሆነው ደግሞ ማጀንታው ወደ ሳያኑ ስለተጠጋ ነው። ማጀንታውን ቢያንስ በ30 ነጥብ ዝቅ ያድርጉ፤ ሳያን 100 ከሆነ ማጀንታ ከ70 አይለፍ።

ወረቀት ላይ ከሁሉ የሚበራው ያልተነካው ነጭ ነው። ስለዚህ የእሳቱ እምብርት ወደ ነጭ የተጠጋ ይሁን፣ 5 በመቶ ቢጫ ቢበዛ። ዙሪያው ላይ ደማቁን ሰማያዊ በቀጭኑ ያድርጉ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጨለማ ይግባ። የሚያበራው ክፍል ከገጹ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሌላው ሁሉ ደብዘዝ ይበል። ሁሉም ነገር ካበራ ምንም አያበራም። ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ብርሃኑ ሌላው ላይ ማረፉን ነው። እሳቱን የያዘው ልጅ አገጩ ከሥር፣ መዳፉ፣ አጠገቡ ያለው ቅጠል ጠርዝ ሰማያዊ መንካት አለበት፤ እየራቀ ሲሄድ እየቀነሰ። ይህ ከሌለ እሳቱ እንደ ቴምብር የተለጠፈ ነው። ልክ መሆኑን ለማወቅ ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ይዩት፤ ያለ ቀለምም ካበራ ታትሞም ያበራል።

ስለ ፋይሉ፦ 21 በ21 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መጽሐፍ ጥንድ ገጹ 42 በ21 ነው። በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ለመከርከሚያ ሲጨመር፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 5031 በ2551 ፒክስል ይመጣል። በትንሽ ጀምሮ በኋላ ማሳደግ ምስሉን ያደበዝዘዋል። በማጣበቂያ ለሚጠረዝ መጽሐፍ ከመሃል እጥፋቱ ግራና ቀኝ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ፊትም ሆነ ዓይን አይግባ፤ እጥፋቱ ይውጠዋል። የአራቱ ቀለማት ድምር በአንድ ቦታ ከ300 በመቶ አይለፍ፤ ካለፈ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፤ የተደረበው ገጽ ላይ ይታተማል። ክሪታ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ነጻ ነው፤ በአራቱ የማተሚያ ቀለማት መሥራትም ይችላል። በፕሮክሪዬት (የአይፓድ የሥዕል መተግበሪያ) ግን የማተሚያ ቀለማቱን የሚመርጡት አዲስ ሸራ ሲከፍቱ ነው፤ ሸራው በሰፋ መጠን የሚፈቅድልዎ የሌየር (የተደራረበ የሥዕል ንብር) ብዛት እንደሚቀንስም ይወቁ። ሥዕሉን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ አይላኩት፤ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ይላኩ።

ሙሉው ሕትመት ከመጀመሩ በፊት በዚያው ወረቀት ላይ የአንድ ገጽ ናሙና ይጠይቁ። ልባስ የሌለው ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ ያጨልመዋል። ናሙናውን በቢጫ አምፖል ሥር ሳይሆን ቀን በመስኮት አጠገብ ይዩት።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በውሃ ቀለም ስሠራ ወረቀቱ ይጨማደዳል።

መልስ፦ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ይግዙ። ከዚያ የሳሳ ከሆነ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ነክረው፣ እንጨት ላይ ዘርግተው ጠርዙን ውሃ ሲነካው በሚጣበቅ ቡናማ የወረቀት ቴፕ ይያዙትና ጠፍጣፋ እንደተቀመጠ ይድረቅ፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። አንዴ የተጨማደደውን ጀርባውን በትንሹ አርጥበው፣ በንጹሕ ወረቀቶች መካከል ከባድ መጽሐፍ ሥር ያሳድሩት። በበጋ ደረቅ አየር ቀለሙ ሳይዋሐድ እየደረቀ ካስቸገረዎት ማለዳ ይሥሩ፤ ቀለሙንም በብዛት በጥብጠው ይጀምሩ። ለኮከባማ ሰማይ ደግሞ ቀለሙ ገና ሲያብለጨልጭ ደቆስ ያለ ጨው በተን ያድርጉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ያራግፉት። ቀለሙ ኩሬ ሠርቶ ሳለ ከበተኑት ጨው ይሟሟል፤ ኮከብ የለም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ የሐበሻ ልጆች ስሥል ፊታቸው ጭቃ ይመስላል። ጫካ ውስጥ በሌሊት ከሆነማ ጭራሽ አይታዩም።

መልስ፦ ጭቃው የሚመጣው ቡናማ ላይ ጥቁር ከመጨመር ነው። ጥቁሩን ከቀለም ሳጥንዎ ያውጡት። የመጀመሪያው ንብር በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና ጥቂት የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፤ ሁለተኛው፣ ለጥላ፣ በርንት ሲዬናና አልትራማሪን ሰማያዊ፤ ሦስተኛው፣ በጆሮ፣ በጉንጭና በአፍንጫ ጫፍ፣ ሞቅ ያለ ቀይ በስሱ። ከሦስት አይለፉ፤ እያንዳንዱም ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ግንባርና አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ድምቀት ነጭ ሳይሆን የሰማዩን ቀለም ይያዝ፤ በጨረቃ ሌሊት ሰማያዊ፣ በምሽት ብርቱካናማ።

በሌሊት ጫካ የጠፉት የቆዳቸው ጥቁረት አጥፍቷቸው አይደለም፤ ዳራው ፊታቸውን ያህል ስለጨለመ ነው። ፊቱን አያንጡት፤ ከኋላው ጭጋግ፣ የጨረቃ ሐይቅ ወይም የጎጆ ብርሃን ያስገቡ። ለራሳቸው የማይመስል ፊት የተሰጣቸው ልጆች ያስተውላሉ።

ጥያቄ (የአጸደ ሕፃናት መምህርት፣ ከሐዋሳ)፦ ጭራቅ ምን ያህል ያስፈራ? አንዳንዱ ወላጅ «ልጄ አልተኛም አለ» ይለኛል።

መልስ፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ሁለቱም ዓይኖቹ ይታዩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይን ይዘው ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊዎቹ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ወዴት እንደሚያይ የማይታወቅ ፊት ያስጨንቃል። ጭራቁን ቀስ በቀስ ያስገቡት፦ አንድ ገጽ ላይ ኮቴው፣ ሌላው ላይ ጥላው፣ ከዚያ ሙሉ አካሉ። ሙሉው ሲመጣ የሚያውቁትን ነገር ያሲዙት፤ ትንሽ ጀበና በትልቅ እጁ ይዞ እንዳይሰብር የሚጠነቀቅ ጭራቅ ያስፈራልም ያስቃልም። በሚያስፈራው ገጽ ላይ ማምለጫ ይኑር፤ የተከፈተ በር ወይም ብርሃን ያለበት መንገድ፣ በተለይ በቀኝ በኩል፣ ገጹ በሚገለጥበት አቅጣጫ። ሳይታተም ለልጆች ያሳዩት። ወደ ኋላ ገልጦ ጭራቁን ደግሞ ማየት የሚፈልግ ልጅ ደኅና ነው፤ መጽሐፉን ዘግቶ የሚያርቅ ካለ ጥርሱን ያሳጥሩ።

ጥያቄ (ከእስራኤል)፦ መጽሐፋችን በአማርኛም በዕብራይስጥም እንዲወጣ እንፈልጋለን። ሥዕሉ ለሁለቱም ይሆናል?

መልስ፦ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ መጽሐፉም በተቃራኒው ይከፈታል፤ ወደ ፊት የሚሮጠው ፈረስ ወደ ኋላ የሚሮጥ ይመስላል። ሁለት እትም ከሆነ ሥዕሎቹን ለዕብራይስጡ በመስተዋት እንደሚታይ ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጡ፤ ታስቦበት ካልተሠራ ግን በሥዕሉ ውስጥ ያለው ፊደል ይገለበጣል፤ ነጠላዋ በሌላ ትከሻ ይውላል፤ ቀኝ እጁ የነበረው ግራ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፍና ሰሌዳ ሁሉ በተለየ ሌየር ይሁን።

አገር ውስጥ በአፋን ኦሮሞም ለማሳተም የምታስቡም አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ አናባቢና ተነባቢውም ስለሚደጋገም ያው ዐረፍተ ነገር ከአማርኛው ረዘም ያለ ቦታ ይይዛል፤ ለጽሑፍ የተተወውን ቦታ በሲሶ አስፉት። ለአማርኛው ደግሞ «ለ»ን ከ«ሉ» እና ከ«ሊ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። በቅጠልና በቅርፊት በተሞላ ሥዕል ላይ ከታተመች ትጠፋለች። ለጀማሪ አንባቢ ከ16 ነጥብ ያላነሰ ፊደል፣ ሥሩም ጠፍጣፋ ቀለም ይሁን።

ጥያቄ (የ15 ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ)፦ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥዕል መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፤ ግን ንድፉን በስልክ አትጀምሪ፤ ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ክንድሽ አይንቀሳቀስም፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። በእርሳስ ወረቀት ላይ ሥይና መስመሩን በጥቁር እስክሪብቶ አጥብቂው። ጥላ ባለበት መስኮት አጠገብ ወረቀቱን ጠፍጣፋ አድርገሽ፣ ስልኩን ከላይ ትይዩ ይዘሽ አንሺው፤ ዘንበል ካለ ዘንዶሽም ይጣመማል። ከዚያ አይቢስፔይንት የተባለው የስልክ የሥዕል መተግበሪያ ውስጥ አስገቢና መስመሩን ከላይ ባለው ሌየር፣ ቀለሙን ከሥሩ አድርጊ። ሥዕሉ የሚታተም ከሆነ ግን ፎቶው አይበቃም፤ ወረቀቱን ኮፒ ቤት ወስደሽ መስመሩን በ600 ዲፒአይ ስካን አስደርጊው።